ኮምፒውተሩ የመለሳቸው

የእህቴ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ። እናቱ ስትሞት ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱን እንኳን እሱ፣ እኔም አላውቀውም።

እሳት የላሰ ልጅ ነበር። የመድኃኒት ቤቶችን ዕቃ የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም የጻፈው ልብስ በምሰፋበት ክፍል፣ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ፕሮግራሟ ድርጅት ወለደች፤ ድርጅቱ ስድሳ ሠራተኛ ቀጠረ። አርባ ሲሞላው ሁሉንም ሸጠና ልባቸው የታመመ ልጆችን በነፃ የሚያሳክም ቢሮ ከፈተ። የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ፣ ምሳውን ረስቶ ለሰው ሲሯሯጥ ሳየው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እለዋለሁ። ይስቃል እንጂ አይሰማኝም።

እኔም ቤት መዋል ሰልችቶኝ እንግዳ መቀበያው ጋ እቀመጣለሁ። የቀጠረኝ የለም፤ የሚያስነሣኝም የለም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዲት ሴት ከንፈሯ የጠቆረ ልጅ አዝላ መጣች። መዝጋቢዋ የልጅቷን አባት ስም ጠየቀቻት።

«የላትም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«ካልሞላሁት ኮምፒውተሩ አያሳልፈኝም፣ እህቴ። ጠይቀሽ ተመለሺ።»

ሴትዮዋ ልጇን አስተካክላ አዝላ ወደ በሩ ዞረች። ደሜ ፈላ። እጇን ይዤ በቀጥታ እሱ ቢሮ አስገባኋት።

«የአባት ስም ከሌለ አላሳልፍም የሚለውን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። መረጃ እንዳይጎድል ብዬ ነው፤ ምነው አክስቴ?»

«አንተን ትምህርት ቤት ሳስገባህ ያ ቦታ ባዶ ነበር። ዳይሬክተሩ ሂጂ ቢለኝ ኖሮ ዛሬ የት ነበርክ?»

ከዚያ ተነሥቶ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቃት፣ ወንበር ሳበላትና ፕሮግራሙን እዚያው ፊቷ አስተካከለው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ልጅቷም በሳምንቱ ቀዶ ጥገና ገባች፤ ድናለች።

በዚሁ ያበቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ያን ዕለት መዝጋቢዋን «ከዚህ በፊት ስንቱን እንዲህ መልሰናል?» አላት።

«እንጃ። ያልተመዘገበ ሰው እኮ ኮምፒውተሩ ላይ አይኖርም።»

እንደ ልጅነቱ አለቀሰ፤ እኔም አልቻልኩም፣ አብሬው አለቀስኩ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈሩ አብረን እንዞራለን። የታመመ ልጅ ይዛ ከቢሯችን የተመለሰች እናት እንዳለች ያገኘነውን ሁሉ እንጠይቃለን። እስካሁን ዘጠኝ አግኝተናል። ሁለቱ ቤት የደረስነው ልጆቹ ካረፉ በኋላ ነው። እሱ ግን ገብቶ ተቀመጠ፤ እናቶቹ እስኪበቃቸው ሲናገሩት ሰማ፤ አንዴም «አላወቅሁም ነበር» አላለም።