የዋሱ በሬ

በጃንሆይ ዘመን፣ እኛ ጋይንት፣ እህል መበደር የፈለገ ገበሬ መጀመሪያ ዋስ መጥራት ነበረበት። ባሌ የጠራቸው ጎረቤታችንን ነው። ልጃችንን ክርስትና ያነሡ አበልጃችን ነበሩ፤ በሬም የምንቀናጀው ከእሳቸው ጋር ነበር። የእኛን አንድ በሬና የእነሱን አንድ በሬ ጠምደን የሁለታችንንም ማሳ እናርስ ነበር።

ያን ዓመት የተበደርነውን የገብስ ዘር ገና ቡቃያ ሳለ ውርጭ መታው። አበዳሪው መልእክተኛ ላከ፣ ደግሞ ላከ። በመጨረሻ ባሌ "በሬውን ሸጬ እገላገላለሁ" ብሎ ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ ነዳው። ስንቁን የቋጠርኩለት እኔ ነኝ፤ ምነው እጄን በቆረጠው። በሬውን ሸጦ፣ ብሩን ይዞ ወደ ቆላ ወረደና በዚያው ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ አበዳሪው የመንደሩን ሹም፣ ጭቃ ሹሙን፣ አስከትሎ መጣ። ወደ እኛ ቤት ዞር ብለውም አላዩ፤ ምን አለና። ቀጥታ ዋሱ ግቢ ገቡ። አበልጄ የበሬያቸውን ገመድ በገዛ እጃቸው ፈትተው አስረከቧቸው። እግራቸው ላይ ብወድቅ፣

"ተነሺ። ዋስ የሆንኩት ለሱ ነው፤ ካንቺ የምፈልገው የለም" አሉኝ። እኔ ሞኟ ይህን ደግነት አድርጌ ቆጠርኩት።

ሚስታቸው እኩያዬ ነበረች። እሷ ምንም አላለችኝም፤ ከእኔ እርሾ መበደሯን ብቻ ተወች። ድሮ ባለቀባት ቁጥር የምትመጣው እኔ ጋ ነበር። አሁን በደጄ አልፋ፣ ወንዝ ተሻግራ ታመጣለች። እኔ ስለምናት ትሰጠኛለች፤ እርሾ የሚከለክል የለም። ከእኔ የሚፈልግ ግን በመንደሩ ጠፋ። አንጀቴን ያሳረረው ይኸ ነው።

በሬያቸውን ልመልስ ቆረጥኩ። ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጠሁ፤ ጥጥ እየፈተልኩ ሸጥኩ። ለርቢ የሚሆን በግ አምኖ የሚሰጠኝ ሰው ባጣ እግሬ ወደ አበዳሪው ወሰደኝ። እሱ እቴ ሳቀ።

"የኔ ዕዳ ተከፍሏል። ካንቺ ቤት ጋር ምን ቂም አለኝ?" ብሎ አንዲት ሴት በግ ሰጠኝ፤ የምትወልደውን ልንካፈል። በሬውን የወሰደው ሰው አመነኝ፤ የተወሰደባቸው ግን አላመኑኝም። በዚህ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

ግልገሎቹ አደጉ፤ ተሸጠው ጥጃ ተገዛባቸው። ያን ሁሉ ዘመን ልጄ ሥጋ የቀመሰው በሰው ድግስ ብቻ ነው። ጥጃው ወይፈን ሲሆን አበልጄ ታመው ተኙ፤ እኔ ሳልደርስ አረፉ። ከተዝካራቸው በኋላ ወይፈኑን ጎትቼ ግቢያቸው ገባሁ።

"ምንድን ነው?" አለች ሚስታቸው።

"የበሬያችሁ ምትክ።"

ቀርባ የወይፈኑን ጀርባ ዳሰሰች። እኛ አገር ሰው ከመሞቱ በፊት የነፍስ አባቱ ባሉበት ይናዘዛል፤ ያለበትንም፣ ሰው ላይ ያለውንም ዕዳ ይናገራል። ስለዚህ ጠየቅኋት።

"ሲናዘዙ ስለእኛ ምን አሉ?"

"ያላቸውን ሁሉ ቆጠሩ፤ ሰው ላይ ያለችውን አንዲት ቁና ገብስ ሳይቀር። የናንተን አላነሡም።"

"ምረውኝ ነው?"

"አይደለም" አለች። "ይመለሳል ብለው አስበውት አያውቁም።"

እንባዬ መጣ። እሷ ገመዱን ከእጄ ተቀብላ፣ የድሮው በሬ ይታሰርበት የነበረው ችካል ላይ አሰረችው። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

"አበልጄ፣ እርሾ ይኖርሻል?"

"አለኝ" አልኳት።

አልነበረኝም። ወንዙን ተሻግሬ ለምኜ አመጣሁላት።