ጉሜን ሆዷን ያመማት በልግ

ተናገሪ ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጆቼ ከቦዲቲ ያመጧት ትንሽ ድመት ሆዷ ተበላሽቶ ሰነበተችና ትናንት በባጃጅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙም የላም ወተት አቁሙ፣ ንጹሕ ውሃ አይጥፋባት፣ ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ዶሮ ትንሽ ትንሽ ስጧት አላቸው። እኔ ይህን ስሰማ ፊቴን ወደ ደጅ አዞርኩ። ታናሿ፣ "እማማ፣ ምነው ከፋሽ? አንቺም ድመት ነበረሽ እንዴ?" አለችኝ።

ነበረችኝ።

ልጅ ነበርኩ፤ ጊዜውም በልግ ነበር። የእኛ አገር በልግ ዓይን ያጠግባል እንጂ ሆድ አያጠግብም። ዝናቡ ይጥላል፣ ምድሩ አረንጓዴ ይለብሳል፤ በቆሎው ግን ገና ቅጠል ነው፣ ስኳር ድንቹ አልቋል፣ እንሰቱም ሳይደርስ ይቆረጣል። እናቴ ከጉኑኖ ሶዶ ላከችኝ፣ አክስቴ እትዬ አልማዝ ቤት፣ ሥራ እያገዝኩ እንድበላ። ስትሸኘኝ "አደራ፣ ልመለስ እንዳትዪ" ብቻ አለችኝ። የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ያን ሁሉ ጭቃ ስረግጥ ውዬ ሳልቀምሰው ሶዶ ደረስኩ፤ ሽታው የቤታችን ነበርና።

እትዬ አልማዝ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቤታቸው ግን ወሬ የለበትም። ላሞች ነበሯቸው፣ ወተት ለሰፈሩ ይሸጣሉ። አንድ ቀን አጥር ሥር እናቷ የጠፋችባት የድመት ግልገል አገኘሁና ጉያዬ ከተትኳት። ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ተራራ ላይ የሚተኛውን ጉም ትመስላለች፤ ጉሜ አልኳት። የአገሬን ናፍቆት የማወራው ለእሷ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሆዷን አመማት። ያስቀምጣታል፣ ያስመልሳታል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ፣ "ጤና አዳም በወተት አጠጫት፤ ወተት የማያጥበው መርዝ የለም" አሉኝ። እኔም ለሻይ የምትደርሰኝን ወተት እያስቀረሁ ሰጠኋት። በጠጣች ቁጥር ባሰባት። ጎኗ ገባ፣ የጀርባዋ አጥንት ከእጄ ሥር ይቆረቁር ጀመር። አፏን ከፍታ ልትጮህ ስትሞክር ድምፅ አይወጣትም።

በኋላ የሳሎኑን ምንጣፍ አበላሸች።

"አንቺ ልጅ! ነገ የጸሎት እንግዶች አሉብኝ። ይኸውልሽ፣ ቤቴን በረት አደረገችው!"

"ትድናለች እትዬ። ትንሽ ይታገሡኝ።"

"አገር ተርቦ አንቺ ድመት ታስታምሚያለሽ! ነገ ጠዋት ትወጣለች፣ አበቃ።"

ባላቸው ጋሼ ባሳ እህል ነጋዴ ነበሩ። በማግሥቱ ገበያ ሲሄዱ ጉሜን ጆንያ ውስጥ ከተው ወሰዷት። ሲመለሱ እጃቸውን እያስታጠብኩ ጠየቅኳቸው።

"የት ጣሏት፣ ጋሼ?"

"አልጣልኳትም። አይጥ ላስቸገረው ሰው ሰጠኋት።"

"ለማን?"

"ውሃውን አፍስሺ እንጂ።"

ገደል እንደጣሏት አልተጠራጠርኩም። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን ሳስታጥብ ፊታቸውን አላይም።

እናቴ አልፎ አልፎ ልታየኝ ትመጣ ነበር። አንዴ ነጠላዋ ላይ ግራጫ ጸጉር አይቼ የፍየል መስሎኝ አራገፍኩላት። "ላማችንስ?" ስላት "ደህና ናት" ትለኛለች። ከዚያው ቤት ሁምቦ ተዳርኩ። ቆላ ነው፣ ፀሐዩ ያነዳል፤ ልጅም ተከታትሎ መጣ። ጉኑኖን መልሼ ያየሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የጉሜን ስም ለማንም አንስቼ አላውቅም።

እናቴ የሞተች ጊዜ፣ ጉኑኖ ለቅሶው ላይ፣ ጋሼ ባሳ በምርኩዝ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አርጅተዋል። ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና፣ "ያቺን ድመት እኮ እዚሁ ነው ያመጣኋት፤ ለእናትሽ" አሉኝ። "እስክታረጅ ከጉያዋ አልወጣችም።"

"ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"አስምላኝ ነዋ! 'ድመቷ እዚህ እንዳለች ልጄ ከሰማች ተከትላት ትመጣለች። መጥታስ ምን አበላታለሁ?' አለችኝ።"

ይኸው አሁን የልጆቹ ድመት ውሃዋን ጠጥታ አግዳሚው ሥር ተኝታለች። ዳሞታ ላይ ጉሙ ወርዷል። እናቴ እኔን ያራቀችኝ እንድበላ ነው፤ ድመቷን ያቀፈቻት ደግሞ እኔን እኔን ብትሸታት ይመስለኛል። ልጆቹ "ወተቱን እኮ ስላቆምን ነው የዳነችው" እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ጋሼ ባሳ በዚያ ለቅሶ የጨመሩልኝን አስባለሁ። ድመቷን ባደረሱ በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ሞታ ይሆናል ብለው እናቴ ዘንድ ጎራ ሲሉ፣ ጉሜ ምድጃው ዳር ጆሮዋን አቁማ አይጥ ትጠብቃለች። "እንዴት ያለ ወተት አጠጥተሽ አዳንሻት?" አሏት እናቴን።

"የምን ወተት?" አለቻቸው። "ላሟ ልጄ በሄደች ሰሞን ሞታለች። ውሃ ነው የሰጠኋት።"