እርጥብ ሣር ይዘን ምክር ቤት በር ድረስ

ለቡ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጭጋጉ ሳይገፈፍ ተነሣን። ሰባት ገበሬዎች፤ ከፊት አባቴ፣ ከኋላ እኔ በከተማ ጫማ። አስተማሪ ሆኜ ከተማ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ጭቃ ሳልናፍቅ የዋልኩበት ቀን የለም።

መንግሥት እርሻውን ለፋብሪካ ሊወስድ ነው። ካሣው ለባለርስቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ላረሰው ጭሰኛ፣ ለአባቴ፣ ምንም የለም። ዛሬ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። የመረጥነው እንደራሴ እቃወማለሁ ብሏል፤ ልናበረታታው መሄዳችን ነው።

"ጫማህ ከአንተ የባሰ ከተሜ ነው፤ ጭቃ ፈራ" አለኝ አባቴ።

ነፋስ ስልክ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ዳቦ በአሥር ሳንቲም ገዝተን ቆመን በላን። አንድ ባለጋሪ እንዲጭነን ብንለምነው፣ "ኧረ ተዉኝ! ሰልፈኛ ጭኜ ፈረሴ ይታሰር?" አለን። "የምንጮኸው እኛ፣ ፈረስህ ምን አጠፋ?" ብንለው፣ ወይ ፍንክች! በእግራችን ቀጠልን።

መንገድ ዳር አዲስ የፋብሪካ መሠረት ተቆፍሯል። አባቴ ቆሞ አየው።

"እዚህ ባቄላ ነበር" አለ።

ምክር ቤቱ በር፣ አምስት ሰዓት ተኩል

ተማሪው፣ ገበሬው፣ ሴቱ በሩን ሞልቶ ይጮኻል። ፖሊሶች ዱላ ይዘው ተደርድረዋል። አባቴ ከጋቢው ሥር እርጥብ ሰርዶ አወጣ፤ ሌሊት ከማሳው ነቅሎት ኖሯል። በኛ አገር እርጥብ ሣር ይዞ የለመነ አይገፋም። ሣሩን በእጁ የተቀበለም እሺ ማለቱ ነው፤ ቃሉን አያጥፍም።

እንደራሴያችን ወጣ። የእኛው አገር ልጅ ነው። ፊቱ በላብ ርሷል።

"ተቃወምኩ፣ ተከራከርኩ። ድምፅ አልሞላም፤ ዕቅዱ አልፏል።"

"እንግዲያው ከላይ ድረስ አቤት በልልን፣ ልጄ። አታስነቅለን። እንካ" አለ አባቴ፣ ሣሩን ዘርግቶ።

እንደራሴው ሣሩን አየ፣ አባቴን አየ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ብቀበል የማልችለውን እችላለሁ ማለት ይሆንብኛል።"

አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ይዤ ወደ ታች መለስኩት። የሽማግሌ እጅ እንዲህ ይከብዳል?

ለቡ፣ ማምሻ

ሌሎቹ ወደየቤታቸው ገቡ። አባቴ በረት ደጃፍ ቆሞ የአንዱን በሬ አንገት ያሻል። እኔ ጋ ና፣ ከተማ እንኑር ስለው ስንት ዓመት እምቢ ያለኝ ሰው ነው።

"የተከራየኸው ቤት ግቢ አለው?" አለኝ።

"አለው፣ አባባ።"

"ለሁለት በሬ ይበቃል?"

አንዲት ክፍል ናት። በሯ የሚከፈተው አስፋልት ላይ ነው።

"ይበቃል" አልኩት።