በአንድ ቀን ያለቀ የድንች ዘር

ባለፈው ጥር ምራቴ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ጓሮ መጣች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔን የማሳልፍባት፣ አራት መደብ የምትሆን ቁራሽ መሬት እዚሁ ዓለም ከተማ ከቤቴ ጀርባ አለችኝ። ወረቀቱ ላይ ወራቱ ከላይ፣ መደቦቹ በጎን ተጽፈዋል። በየሳጥኑ ውስጥ ጎመን፣ ካሮት፣ ቆስጣና ቀይ ሥር በየቀለማቸው ተለይተዋል። ከስልኳ አውጥታ ነው ያሳተመችው።

«አባባ፣ የቀረኝ የድንቹ ሳጥን ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ እናስገባው ወይስ ተከፋፍሎ ይግባ?» አለችኝ።

ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔ ግን «መነጽሬን ረስቻለሁ» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። መነጽሩ ዓይኔ ላይ ነበር።

ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ከቀየት ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ነው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን። አባቴ ቄስ ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ የሺ ናት፤ እኔ «እታለም» ነበር የምላት። አንዴ ተድራ፣ ትዳሩ ሳይሰምር ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ስለዚያ ትዳር አንድም ቀን ስታወራ አልሰማኋትም። ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ስትሠራ የታችኛውን ከንፈሯን የመንከስ ልማድ ነበራት።

የቤታችን ኑሮ ገብስ ነው። በአገራችን ግን ገብስ ዓመቱን ሙሉ አያደርስም። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ሲሟጠጥና አዲሱ ገና እሸት ሳይሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ የሚባሉ ሁለት ክፉ ወራት አሉ። ጭጋጉ ከደጃፍ አይለይም፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል፣ ሰው የበግ ጠጉር ዝተቱን ተከናንቦ እሳት ዳር ይኮራመታል። እኛን በእነዚያ ወራት በሕይወት የሚያቆየን እታለም ከምንጩ በታች የምታለማው ጓሮ ነበር። ከፍም ውስጥ የወጣ ድንች ልጣጩ ሲሰነጠቅ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

እታለም ፊደል አልቆጠረችም። የጓሮዋን ነገር የምትይዘው አራት ጎን አድርጋ በጠረበችው የወይራ ዱላ ነው። አንዱ ጎን አንድ መደብ ነው። በየዓመቱ በየጎኑ ላይ በቢላ ትቆርጣለች፦ ለድንች ቀጥ ያለ ጭረት፣ ለጎመን መስቀል፣ ለነጭ ሽንኩርት ነጥብ፣ ለባቄላ ሁለት ጭረት። ዱላውን አገላብጣ አይታ ዘንድሮ ምን የት እንደሚገባ ትናገራለች። ድንች በነበረበት መደብ ላይ ሦስት ዓመት ሳያልፍ ድንች አታስገባም። ለመስመሩ ደግሞ በየክንዱ የተቋጠረ ገመድና ሁለት ችካል ነበራት።

ከሁሉ የጠበቀ ሕጓ ግን የድንቹ ዘር ነበር። ከሦስት ትከፍለዋለች። አንደኛውን እጅ ከአስተርዮ ማርያም በኋላ፣ ሁለተኛውን ከኪዳነ ምሕረት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከመጋቢት መስቀል በኋላ ታስገባለች። ከትናንሾቹ መርጣ ሙሉውን ትተክላለች እንጂ አትቆርጥም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ለእኔ ሦስት ጊዜ መቆፈር፣ ሦስት ጊዜ ፍግ መሸከም፣ ሦስት ጊዜ ወገብ ማጉበጥ ብቻ ነበር።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ቀየት እየተመላለስኩ የምማር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእርሻ አስተማሪያችን የጓሮ ዕቅድ በባለ ካሬ ደብተር ላይ መሥራት አስተምረውን ነበር። እኔም የኛን አራት መደብ በእርምጃ ለክቼ ነደፍኩት። አንድ ድንች ዓይኑን እየተከተሉ ቢቆርጡት ከሦስት እንደሚሆን፣ በሁለት መደብ ላይ ቢሞላ ምርቱ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አሰላሁ። ስሌቱ አማረኝ። ደብተሩን እያወጣሁ ደጋግሜ አየው ነበር።

አባቴ ትምህርቴን አይወዱትም ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ድጓ እንድማር ነው። እታለም ለምናቸው ነው የፈቀዱልኝ፤ ሲፈቅዱም «ይህ አስኳላ አንድ ቀን ቤቴን የጎዳ እንደሆነ፣ በማግሥቱ ወደ ቅኔ ቤት ነው የምትሄደው» ብለውኛል።

ጥር ላይ፣ ራቤል ያለችው አክስታችን ጠናባት የሚል መልእክት ደረሰን። እታለም ልታስታምማት ሄደች። በሶዋን ቋጥራ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለች።

«ወንድማለም፣ አስተርዮ ስታልፍ የመጀመሪያውን እጅ አስገባ። ሌላውን ሳልመጣ አትንካው።»

«እሺ» አልኳት።

«ዘሩ ያ ብቻ ነው።»

«ሰማሁ እኮ፣ እታለም።»

አስተርዮ ባለፈች በሁለተኛው ቀን ዘሩን ሁሉ ከቆጥ አወረድኩት። ቆራረጥኩት። ደብተሬን ድንጋይ ላይ ዘርግቼ፣ ገመዱን ወጥሬ፣ ሁለቱን መደብ ከጠዋት እስከ ማታ ሞላሁ። ሳይደክመኝ የዋልኩበት ቀን ነበር። ስትመለስ የምታየውን፣ የምትለውን እያሰብኩ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር። ክፋት አልነበረብኝም። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት ሳይሆን ነገሩ እንዲያ ስለነበረ ነው።

በኪዳነ ምሕረት ማግሥት ቡቃያው መሬቱን ሰንጥቆ ወጣ። ጥቁር አረንጓዴ፣ በመስመር የቆመ፣ ልክ እንደ ደብተሩ። አባቴ እንኳ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቆመው አይተው «ዘንድሮስ ተባርኳል» ብለው አለፉ።

ከሳምንት በኋላ ሰማዩ ደመና አጥቶ ብርዱ ከወትሮው በረታ። ጠዋት ስወጣ ሣሩ ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ ስረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ወደ ምንጩ ወረድኩ። ቡቃያው በውርጭ ደርቆ ቆሟል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ጎመን ጠቁሮ ተኛ። ደነገጥኩ። የማደርገው ቢጠፋኝ ቦዩን ከፍቼ ውሃ ለቀቅኩበት። ውሃው የሚያነሳው መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አጠጣሁት።

እታለም በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ሰላም ብላኝ ቀጥታ ወደ መደቡ ወረደች። ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ጫረች። የወጣው ቁራጭ በእጇ ላይ ፈሰሰ።

«ቆርጠኸዋል» አለች። «ሙሉው ቢሆን ከሥር መልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። ውሃም ባታጠጣው። የቀረው የት ነው?»

«አልቀረም።»

ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ወደ ቤት ስንወጣ ከፊቴ ሆና አንድ ጊዜ ብቻ ዞር አለች። «ለአባባ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

አባቴ ከማኅበር ተመልሰው ምድጃው ዳር ተቀምጠው ነበር። ዘሩ በሙሉ እንደጠፋ ስትነግራቸው ወዲያው አልገባቸውም።

«ሁሉም ማለት? ሦስቱም እጅ?»

«ሦስቱም።»

«ማን ነው በአንድ ቀን አስገባ ያለው?»

«እኔ ነኝ። ስሄድ ሁሉንም አስገባ ብዬው ነበር። የምቆይ መስሎኝ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው? እሷ ናት ያለችህ?»

እታለም አላየችኝም። እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር። ደጅ በጎች ከግጦሽ ሲገቡ ይሰማል።

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኩ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። የዚያን ዕለት ግን የተናገሯት ዛሬም አይረሳኝም። «የባልሽን ቤት አላቆየሽ፣ እዚህም መጥተሽ የአባትሽን ቤት አራቆትሽ» አሏት። እሷም ተነሥታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ከጎረቤት ዘር ለመንን። ሁሉም የራሱን አስገብቶ ነበርና ሁለት እፍኝ የማይሞላ አገኘን። በልጉም ዘነበ ሲሉት ቀረ፤ የበልጉ ገብስ ክንድ ሳይሞላ ቢጫ ሆነ። ሰኔ ሲገባ ጎተራው ሲጠረግ አቧራ ብቻ ነበር የሚወጣው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እታለም ከሁለት የመንደራችን ሴቶች ጋር ወደ ጀማ በረሃ ወረደች። የሄደችው ማሽላ ለማረም ነው፤ ክፍያውም እህል ነው። ለደጋ ሰው ያ ቆላ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ወባው የደጋ ደም ይወዳል ይባላል። አባቴ ከዚያች ቀን ወዲህ ብዙም አያናግሯትም ነበር፤ ሂጂም አትሂጂም አላሏትም። እኔ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኘኋት። ጭጋግ ስለነበር ታችኛው አገር አይታይም።

«እታለም፣ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«ተው። ትምህርትህን ጨርስ። ከነገርካቸው በከንቱ ነው የተሰደብኩት» አለች።

ይህን ስሰማ ልቤ ቀለለኝ። ከሁሉ የማፍርበት ይህ ነው። እንባዬ እየወረደ ልቤ ግን ቀለለኝ።

የተመለሰችው መስከረም እንደጠባ ነው። የሰው አህያ ላይ አንድ ስልቻ ማሽላ ተጭኖ ነበር፤ እሷ የአህያውን ጀርባ ይዛ በእግሯ ትጎተታለች። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ያለንን ዝተት ሁሉ ደርበንባት ትንቀጠቀጣለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሁሉንም ገፍታ ትጥላለች። ጠበል አመጣንላት። ከቀየት መድኃኒት ላመጣ ሄጄ «ነገ ይመጣል» ተባልኩ፤ በነጋታውም ሄድኩ፤ ያው ነበር። አባቴ ራስጌዋ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። አንድ ጊዜ ነፍሷ መለስ ሲልላት «ስልቻው እንዳይርሰው» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተች። የቀበርናት አደይ በፈካበት ሜዳ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በኩል ነው። ያን ማሽላ እኔና አባቴ ኅዳር ላይ ገብሱ እስኪደርስ በላነው። ቂጣው ቀይ ነው፤ ሲያኝኩት አሸዋ አሸዋ ይላል። አባቴ እየቆረሱ ይሰጡኝ ነበር። እኔም እውነቱን ሳልነግራቸው በላሁ።

ትምህርቴን ጨረስኩ። መምህር ሆንኩ፣ ልጆች አሳደግሁ። አባቴ ዕድሜ ጠግበው እስኪሞቱ ድረስ ያን ሁሉ ዓመት እየሄድኩ ጠይቄያቸዋለሁ። ስለ እታለም ሲነሳ «ምስኪን፣ አንዲት ስህተት ናት የበላቻት» ይላሉ። እኔ ፊታቸው ተቀምጬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ለማን ብዬ እንደምደብቀው እንኳ አላውቅም ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣኝ የሚችል ሰው ከሌለ ቆይቶ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ቀኖና ሰጡኝ፣ ሰግጄ ጾሜ ፈጸምኩ። እግዚአብሔር ይቅር ብሎኝ ይሆናል፤ በዚያ አልከራከርም። ግን ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር መንደር ውስጥ አይሰማም። እዚያ አሁንም ያሉት ሁለት ሦስት አሮጊቶች የሚያስታውሷት የቤቷን ዘር ያጠፋች ሴት አድርገው ነው። እኔም እሷ ካለፈችበት ዕድሜ እጥፍ በላይ ኖሬ፣ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ፣ ይህን ከሰው ፊት ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ማለት የነበረብኝ ያኔ፣ ምድጃው ዳር፣ አባቴ ዓይኔን እያዩ ሲጠይቁኝ ነው። «የለም፣ እኔ ነኝ» ብል ይበቃ ነበር።