የሀያት ሙክት

ከደሴ የምንወጣበት ቀን ዋዜማ፣ አመሻሹ ላይ፣ ዱዓ ሊያደርግልን የመጣው ዘመድና ጎረቤት ቤቱን ጢም አድርጎ ሞልቶት ነበር። እኔ ሻንጣው አልዘጋ ብሎኝ ላዩ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ባለቤቴ ሰይድ ፓስፖርቶቹን ከደረት ኪሱ እያወጣ ያያቸውና መልሶ ይከታቸዋል፤ እግር አውጥተው የሚሄዱ ይመስል። ያኔ የአራት ዓመት ልጅ የነበረችው ሀያት ደግሞ ከበሩ ጀምራ የሽማግሌዎቹን እጅ በተራ እየሳመች ትዞራለች። ዙሩን ስትጨርስ እንደገና ከበሩ ትጀምራለች። ሁለቴ ተስመው ለሦስተኛ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁም ነበሩ።

ሀያት ዳውን ሲንድረም አለባት። ስሙን የነገረን ሐኪም ቶሎ ተናግሮ ቶሎ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ሰፈሩ ደግሞ የራሱ ስም ነበረው፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። አማቴ እማማ ዘይነባ ያንን ስም ቤቷ ውስጥ እንዳይነሳ ያደረገችው በአንድ መላ ብቻ ነው፤ በሙገሳ። ስለ ልጅቷ ማንም ምንም ቢጠይቃት፣ "ሀያቴማ ብልህ ናት፣ ሀያቴማ ሁሉን ታውቃለች" ብላ አፉን ታስይዘዋለች። ከሷ ሰይድ ተማረ፣ ከሰይድ እኔ። ቤተሰቡ በሙሉ የሙገሳ ባለሙያ ሆነ።

የዚያን ዕለት እማማ ዘይነባ ከሰው መሃል ተነስታ ቆመች። "አሜሪካ ሐኪም ሞልቷል። ሀያቴ ድናለች ብላችሁ በደወላችሁልኝ ቀን ሙክት አሳርጄ እዚህ ያለውን ሰው ሁሉ አበላለሁ!" አለች። ሰው አሚን አለ። ሰይድም አሚን አለ። እኔም ሻንጣው ላይ እንደተቀመጥኩ አሚን አልኩ። እንዲህ ያለው ነገር በሐኪም እንደማይድን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ማን ደፍሮ ይናገራል?

አውሮፕላን ውስጥ ሀያት ከፊት ወንበር እስከ መጨረሻው ያለውን ሰው ሰላም ብላ ጨረሰች። አሜሪካ ስንደርስ ፓስፖርት የሚያየው መኮንን የጣት አሻራችንን ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ፣ እሷ ተንጠራርታ እጁን ሳመችው። ሰውዬው እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ።

"ምን እያደረገች ነው?"

"ሪስፔክት ነው ሰር። ትልቅ ሰው ስለሆንክ ነው፣" አለ ሰይድ በዚያው በለመደው የደሴ እንግሊዝኛ።

"እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣" አለ መኮንኑ ቅር ብሎት። ግን ማህተሙን መታልን።

ኮለምበስ የሚባል ከተማ ቀድመውን የገቡ የወሎ ልጆች ነበሩና ወደዚያው ሄድን። ሰይድ ከከተማው ዳር፣ ግሮቭፖርት፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ። እናንተ እዚያ ያላችሁ ስለ ብርዱ ትጠይቁኛላችሁ። የደሴ ብርድ ጋቢ ሲያይ ይመለሳል፤ የኮለምበሱ ግን ጋቢውንም ይዞ ይገባል። ዳቦው ስኳር ስኳር ይላል፤ የበግ ሥጋው የበግ ሽታ የለውም፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከሩቅ እጁን ያወዛውዝልሃል እንጂ አፉን አይከፍትም። ይህንን የጎረቤት ነገር ሀያት ጨርሶ አልተቀበለችውም። አንድ ቀን የአፓርታማው አስተዳዳሪ በሬን አንኳኳ።

"ልጅሽ የሰው በር ታንኳኳለች።"

"ሰላም ልትላቸው ነው።"

"ቅሬታ ቀርቦብናል።"

"ሰላም ስላለቻቸው?"

"ጠዋት በአንድ ሰዓት ሰላም ስላለቻቸው።"

"ታዲያ እንዴት አደራችሁ የሚባለው ከሰዓት በኋላ ነው እንዴ?"

ሰውዬው ማስጠንቀቂያውን በሬ ላይ ለጥፎ ሄደ።

ትምህርት ቤቱን አላማውም። የተማሩ፣ ታጋሽ ሰዎች አሉበት። ከትምህርት ቤት ውጭ ደግሞ ንግግር የምታስተምራት ቴራፒስት አገኘን። ሀያት የምትለውን ከእኔና ከሰይድ በቀር የሚረዳ ሰው አልነበረም፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። ሴትየዋ በመስተዋት ፊት አስቀምጣት ከንፈሯን እያሳየች፣ አረፋ እያስነፋች፣ ቃል በቃል ትሠራባት ጀመር። ልጄ መጀመሪያ "ውሃ" አለች፤ ቆይታ "ውሃ ስጪኝ" አለች። እኔ ያን ቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደቀዳሁላት አትጠይቁኝ።

ከዚያ የሰይድ የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ፣ "ከዚህ በኋላ ለንግግር ትምህርቱ አልከፍልም" አለ። ከኪሳችን እንዳንከፍል አቅም የለንም። እኔ እዚያው ኮለምበስ አጠገብ ደብሊን የሚባል ቦታ ቢሮ አጸዳ ነበር፤ ግን ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም ኮል እያደረጉልኝ እየጣልኩ ስሄድ ሥራውን ለቅቄያለሁ። በዚህ መሃል ነው የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን እትዬ መሬማ የነገረችን። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ መንግሥት ድጎማ አለው፤ ከድጎማው ጋር ሕክምናውንም ይሸፍናል። ለአዲስ መጤ ወዲያው አይሰጥም እንጂ፣ ሰይድ ዜጋ ከሆነ ልጅቷም በእሱ በኩል ዜጋ ትሆናለች፣ ያኔ ማመልከት ትችላላችሁ አለችን። ሰይድ ካርቶን እየጫነ በጆሮው የዜግነት ፈተናውን ጥያቄዎች ሲሰማ ከረመ። ተኝቶ እንኳ የሴናተሮቹን ቁጥር ይጠራ ነበር። አለፈ፣ አልሐምዱሊላህ።

እማማ ዘይነባ ደግሞ በነዚህ ዓመታት ሁሉ በየጁምዓው ትደውላለች። ገና በመጀመሪያው ዓመት ሙክቱን ገዝታ ግቢ ውስጥ አስራዋለች። ሰላምታው ሲያልቅ ጥያቄዋ አንድ ነው። "እንዴት ነው፣ ሙክቱን ምን ልበለው?" ሰይድም መልሱ አንድ ነው። "ትንሽ ይቆይ እማዬ፣ ዱዓ አድርጊ።" የመጀመሪያው ሙክት አረጀና ተሸጠ። ሁለተኛው በጣም ሰባ፣ እሱም ተሸጠ። ሦስተኛው በስልክ ድምፁን ሰምተን የምናውቀው ነው፤ እኛ ስናወራ ይጮሃል። ሀያት ሳትቀር እዚህ ሆና ትመልስለታለች።

ለድጎማው አመለከትን፤ የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ከዋዜማው እትዬ መሬማ ወርዳ ሰይድን ሶፋ ላይ አስቀምጣ መከረችው።

"ስማኝ ሰይዶ። ነገ የሚጠይቁህ የማትችለውን ነው። ልጅህን እንዳታሞግስ። አንድ ሰዓት ብቻ ቻለው፣ ከዚያ ወጥተህ እስኪበቃህ ታሞግሳታለህ።"

"እሺ እትዬ።"

"ወላሂ በል።"

"እትዬ፣ እሺ አልኩሽ እኮ!"

እኔስ ብትሉ? የድሃ ልጅ እንዳትመስል ብዬ የዒዱን ቀሚስ አለበስኳት፣ ፀጉሯን ሹሩባ ሠራኋት፣ ጫማዋን አብረቀረቅኩላት። ለሠርግ የምንሄድ ነበር የምንመስለው።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴት ናት። ሀያት ገና ከመግባቷ እጇን ሳመቻት፤ ሴትየዋ ደስ አላት፣ እኔ ግን ምንም ያልጎደላት እንዳትመስላት ፈራሁ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ፊቱን ባናየውም በድምፁ የአዲስ አበባ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል። ሴትየዋ ትጠይቃለች፣ እሱ ይተረጉማል፣ ሰይድ ይመልሳል።

"ሀያት ልብሷን ራሷ ትለብሳለች?"

"ትለብሳለች እንጂ! ያውም አማርጣ።"

የማለብሳት እኔ ነኝ። የምታማርጠው ቀለሙን ነው።

"የማያውቋት ሰዎች የምትናገረው ይገባቸዋል?"

"መስማት ለፈለገ ሰው ይገባዋል።"

"ቀኖችን ለይታ ታውቃለች?"

"ነገን ታውቃለች።"

እውነት ነው፤ ነገን ታውቃለች። ለሀያት ያልደረሰ ነገር ሁሉ ነገ ነው። ዒድም ነገ ነው፣ ልደቷም ነገ ነው፣ ቅዳሜም ነገ ነው።

"መንገድ ብቻዋን ትሻገራለች?"

"መኪኖቹ ይቆሙላታል።"

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህንን እንዳለ ልተርጉመው?"

"እንዳለ ተርጉመው።"

ሴትየዋ ከኪቦርዱ ላይ እጇን አነሳች። "ሚስተር ሰይድ፣ እኔ ልክ በሷ ዕድሜ ያለ የልጅ ልጅ አለኝ። እሱ የነገርከኝን ግማሹንም አይችልም። ታዲያ ምን ልርዳችሁ?"

በጠረጴዛው ሥር የሰይድን እግር ረገጥኩት። ሴትየዋ እሱ ያለውን ብቻ ጽፋ ከዘጋችው ድጎማውም፣ ሕክምናውም፣ የልጄ ቃል የሚፈታበት ትምህርትም አብሮ መዘጋቱ ነው። ሰይድ ግን ሀያትን ያያል። እሷ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ፣ አባቷ ባሞገሳት ቁጥር ራሷን እየነቀነቀች ስታዳምጥ ነበር። ችግሩ ይኸው ነው፤ ልጃችን ሁሉን ትሰማለች። ቃሉ አይወጣላትም እንጂ የሚባለው አንድም አያመልጣት።

"ፋጤ፣" አለኝ ሰይድ፣ "ሀያትን ውሃ አጠጪያት።"

"አልጠማትም እኮ።"

"ፋጤ።"

ይዣት ወጣሁ። በሩ መስተዋት ነው፤ ይታያል እንጂ አይሰማም። ሀያት የውሃውን ቧንቧ ተጭና ፊቷን አጠበች፣ ግድግዳውን አጠበች፣ ከዚያ ተራ የሚጠብቀውን ሰው እጅ መሳም ጀመረች። ግማሹ ደነገጠ፣ ግማሹ ሳቀ። አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ሶማሌ ብቻ እጃቸውን በወጉ ሰጥተው፣ ራሷን ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉላት።

እኔ በመስተዋቱ ወደ ሰይድ አያለሁ። መጀመሪያ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጀመረ። የሸሚዙን ቁልፍ ይዞ አሳያት። ጉሮሮውን አሳያት። በእጁ መንገድ ሠራ፣ የሚሮጥ ልጅ ሠራ፣ የሚያባርር አባት ሠራ። ሴትየዋ አንዴ እንኳ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ብዙ አወራ። በመጨረሻ የሶፍቱን ካርቶን ወደሱ ገፋችለት፣ እሱም ወሰደ። ሰይድን ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ምን እንዳላት አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። ከነገራት ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር እንደማይኖር አውቃለሁ፤ እሱም ያን ሁሉ ልብ ሲል ኖሯል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። እዚያው በሩ ጋ ቆሜ ባሌን በጣም ወደድኩት።

ሲወጣ ሀያት ሮጣ እጁን ያዘች። "ባባ፣ አይ ዊን?"

አሸነፍኩ ወይ ማለቷ ነው። ያን ሁሉ ሙገሳ ስትሰማ የውድድር ቦታ መስሏታል።

"ዊን አደረግሽ ማሬ፣" አላት። ኮቷን ልትቆልፍ ስትታገል እሱ ተንበርክኮ ጠበቃት። አንዱን ቁልፍ በሌላው ቀዳዳ አስገባችው፤ እንደዚያው ሆና ወደ መኪናው ሄድን።

ሁኔታዋን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ከሆስፒታል አምጡ አሉን፣ አመጣን። ከዚያ ለወራት ዝም አሉ። እኔም ተስፋ ልቆርጥ ስል ያቺው ሴትዮ ራሷ ኮል አደረገችልን። ተፈቅዷል አለች። ሐኪሙም ሁኔታዋ ዕድሜ ልክ ነው ብሎ ጽፎላታልና ስለዚያ ዳግም ማስረጃ አትጠየቁም አለችን፣ ለኛው ብላ፣ ደስ እንዲለን። ሰይድ አልሐምዱሊላህ ብሎ ስልኩን ዘጋና መኪናው ውስጥ ገብቶ ብቻውን ተቀመጠ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። በማግስቱ እናቱ ትደውላለች።

በማግስቱ ሀያት ቴራፒስቷ ድሮ እንዳለማመደቻት አረፋ እየነፋች ሳለ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። ሰላምታው አለቀ።

"እንዴት ነው፣ ሙክቱን ምን ልበለው?"

"አሳርጂው እማዬ፣" አለ ሰይድ።

ከደሴ እልልታው ቀለጠ። "ዳነችልኝ! ኧረ ሰው፣ ሀያቴ ዳነችልኝ!" ጎረቤት ስትጣራ ይሰማናል። ሊዋሻት ነው እንዴ ብዬ ባሌ ላይ አፈጠጥኩ።

"እማዬ፣ ስሚኝ። እማዬ! አልዳነችም። አትድንምም። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ ናት። ቀድሞም አውቅ ነበር፣ አልነግርሽ ብዬ ነው።"

እልልታው ቆመ። ከዚያ ማዶ የሚሰማው የሙክቱ ጩኸት ብቻ ሆነ።

"ታዲያ ለምን ብዬ ላሳርደው?" አለች እማማ ዘይነባ፣ በጣም ቀስ ብላ።

ሀያት የአረፋውን ጠርሙስ አስቀምጣ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች፣ ከንፈሯን ቴራፒስቷ እንዳስተማረቻት አስተካከለች፣ ከዚያ አንድ በአንድ አወጣችው።

"እማማ፣ የኔን፣ አስቀምጪልኝ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ ሀያት ያለችውን ሁሉ ለአማቴ የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። አሁንም ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። እማማ ዘይነባ ቀደመችኝ።

"አስቀምጥልሻለሁ የኔ ሸጋ! ምን፣ ጉበቱን ነው? ሁሉንም አስቀምጥልሻለሁ። ግን ሥጋ አይቆይም እኮ። መቼ ትመጫለሽ?"

ለቲኬት የሚሆን ነገር እንደሌለን፣ ሰይድም ፈቃድ እንደማያገኝ እናውቃለን። ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

"ነገ፣" አለች ሀያት።

"እንግዲያውስ እስከ ነገ አላሳርደውም፣" አለች እማማ ዘይነባ።

ሙክቱ እስከ ዛሬ አለ። አማቴ አሁንም በየጁምዓው ትደውላለች፤ ስለ መዳን ግን አንስታ አታውቅም። ሰላምታው ሲያልቅ፣ "እንዴት ነው ሰይዶ፣ ነገ ነው?" ትለዋለች።

"ትንሽ ይቆይ እማዬ፣" ይላታል።