ሰማያዊው ፈሳሽ ሲቀላ

መርሳ ከተማ ለዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያን ሰሞን የደረስነው ምግብ ውስጥ ያለውን ነገር መለየት ላይ ነበር፤ ስታርች፣ ፕሮቲን፣ ስኳር። ስኳርን የሚያሳየው ሰማያዊ ፈሳሽ ኬሚስትሪ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ጥቂት ተርፎ አገኘሁ። ስኳር ካለበት ነገር ጋር ተቀላቅሎ ሲሞቅ ቀለሙን ይለውጣል፤ ጥቂት ከሆነ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከበዛ እንደ ሸክላ ይቀላል።

መብራት ስላልነበረ ከሰል አቀጣጥዬ በጣሳ ውሃ ጣድኩ። በአንዱ ብልቃጥ ንጹህ ውሃ፣ በአንዱ የማር ብጥብጥ፣ በሌላው ተማሪዎቹ ከጎረቤት ከተማ ከግራና ያመጡት ማንጎ ጭማቂ ነበር። የመጨረሻው ጠዋት ከቤት ይዤው የመጣሁት የራሴ ሽንት ነው። የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የጤነኛ ሰው ሽንት ስኳር እንደሌለበት ላሳያቸው ብዬ ነው።

"ይሄኛው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል" አልኳቸው አስቀድሜ፣ ሽንቱን እያሳየሁ።

ሰማያዊውን በየብልቃጡ ጨምሬ የፈላው ውሃ ውስጥ አቆምኳቸው። ንጹህ ውሃው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ማንጎው ብርቱካንማ ሆነ፣ ማሩ ቀላ። ሽንቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ማሩን አክሎ ቀላ።

ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሰውየው ታሟል ማለት ነው?"

"የስኳር በሽታ ሳይኖርበት አይቀርም።"

"እሱ ያውቃል?"

"አሁን ያውቃል።"

ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቆሽትን ሳልኩ። ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሴሎች እንዴት እንደሚያስገባ፣ ሥራው ሲጓደል ትርፉ በኩላሊት አልፎ በሽንት እንደሚወጣ አስረዳሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስለ ማላውቀው ሰው የማወራ ያህል ነበር።

ልጆቹ ሲወጡ፣ ምናልባት ብልቃጡ የማንጎ ቅሪት ይዞ ይሆናል ብዬ ሌላ አጥቤ ደገምኩት። ያው ነው። ከሰሉን አጠፋሁ፣ ዕቃውን አጣጠብኩ፣ ቀጣዩ ክፍል ገባሁ። ለካ ውሃ ጥሙን በመርሳ ሙቀት፣ ድካሙን በጾሙ እያሳበብኩ ነው የከረምኩት።

ራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት። የጠቀለለችውን እንደያዘች ቀረች።

"እና እንዲህ ቁጭ ብለህ ትበላለህ?"

"ምን ላድርግ?"

"ነገ ወልድያ እንሄዳለን።"

በሚኒባስ ሄድን። ሲሪንቃን ስናልፍ እሷ በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ እኔ ከመንገዱ ዳር ያለውን የእርሻ ምርምሩን የሙከራ ማሽላ አያለሁ። ሆስፒታል ደም ሰጠሁ፤ ሐኪሟ ስኳር መሆኑን አረጋገጠችልኝ። ከዚያ ጫማዬን አስወልቃ ክር የመሰለ ቀጭን ነገር አወጣች።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ እግርዎን ሲነካዎት ይንገሩኝ።"

ጨፍኜ ጠበቅሁ። ቆየሁ።

"መቼ ነው የሚጀምሩት?" አልኳት።

"ጨርሻለሁ" አለች።

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አሁን ጠዋትና ማታ ኪኒን እወስዳለሁ። ጥሙ ለቆኛል፣ ስኳሩም ወርዷል ይሉኛል። እግሬ ግን ቢቆስልም ስለማይነግረኝ፣ ሁልጊዜ ከመተኛቴ በፊት ባለቤቴ ታጥበዋለች፤ በስልኳ መብራት የጣቶቼን መሐል እየፈለቀቀች ታያለች።

"እዚህ ጋ ተጭረሃል። ምን ነካህ?"

"እንጃ።"

አንዳንዴ ቀና ብላ "አንተ ግን አትፈራም?" ትለኛለች።

እፈራለሁ እላታለሁ፤ ብቻዋን የምትፈራ እንዳይመስላትና እንዲቀልላት ብዬ።