የመህታብ ስም

ጉርሜል ካውር ሐምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። «ካውር»ን በፑንጃብ ካለችው የሲክ ሴት ሁሉ ጋር ትጋራዋለች፤ መንደሩ ግን «ጌሎ» ብሎ ቆርጦ ነው የሚጠራት። ከሠርጓ ማግሥት ጀምሮ የባለርስቱን በረት ስትጠርግ፣ እበቱን ጠፍጥፋ ስታደርቅ ኖራለች። በዚያ ግቢ ሙሉ ስሟን ያነሣ የለም፤ እሷም ለምዳው ትታው ነበር።

የልጅ ልጇ ስትወለድ ግን ነገሩ ይከነክናት ጀመር። ሐሙስ ዕለት በጉርድዋራው፣ በሲኮቹ ቤተ ጸሎት፣ የጸሎቱ መጽሐፍ ተገልጦ ለሕፃኗ ስም መነሻ የሚሆነው ፊደል «መ» ወጣ። ምራቷ ፓርሚንደር ደስታዋን መያዝ አቃታት፤ ከእርግዝናዋ ጀምሮ በልቧ ይዛ የነበረችው መህታብን ነበርና። ስሙ እሑድ በጉባኤው ፊት ሊታወጅ ተቀጠረ።

ወሬው ባለርስቱ ቤት ለመድረስ ብዙ ቀን አልፈጀበትም። ቅዳሜ ጠዋት የባለርስቱ ሚስት ባልዋንት ካውር በረቱ ደጃፍ ቆመች።

«አንቺ ጌሎ፣ የኛ ልጅ ባለፈው ወር መህታብ መባሏን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ እሜቴ።»

«እንግዲያው ሌላ ፈልጉላታ! በ‹መ› የሚጀምር ስም መች ጠፋ? ካውርነቱንማ ማን ይከለክላችኋል፣ ሁላችንም ካውር ነን።»

ጌሎ «እሺ» አለች። «ሁላችንም ካውር ከሆንን ምን ይጎድልብዎታል?» ማለት ነበረባት፤ ትዝ ያላት ግን ቅርጫቷን ተሸክማ መንገድ ከጀመረች በኋላ ነው። ራሷን ረገመች። ቤት ገብታ ሊጥ ማቡካት ጀመረች፣ ተወችው፤ የተጠረገውን ደጅ ደግማ ጠረገች። ለምራቷም ትንፍሽ አላለችም።

እሑድ በጉርድዋራው አርፋ መቀመጥ አልሆነላትም። ሻሿን ታስተካክላለች፣ ውኃ ልትጠጣ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ባልዋንት ካውር ሁለት ክንድ ራቅ ብላ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ በዚያ ቤት ለማንም ወንበር የለም።

የጸሎቱን መጽሐፍ የሚያነበው አንባቢ ቀና አለ። «የሕፃኗ ስም ማን ይባል?»

ፓርሚንደር አማቷ እንድትመልስ ወደ እሷ ዞረች።

«መህታብ» አለች ጌሎ።

«መህታብ ካውር!» ብሎ አወጀ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተቀበለ። ባልዋንት ካውርም ተቀበለች፤ በሰው መካከል ዝም ማለት አይቻልማ።

በር ላይ ግን ጠብቃ ያዘቻት።

«ነገ ለበረቱ እንዳትመጪ። ለመሆኑ ልጄን መህታብ ብዬ ስጠራ፣ ያንቺም አቤት ልትል ነው?»

«ከሰማች ትላለች እሜቴ። ሁለቱም እኩል ይመጡልዎታል።»

እንጀራዋን በገዛ አፏ እንደዘጋች ገብቷታል። ነገ በማን ደጅ ሥራ እንደምትለምን እያሰበች፣ ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ ተጫምታ ወደ ቤቷ ተጣደፈች።